«ተሻሽሏል» ያላችሁኝ መኪና

«የአሜሪካ መኪና እንደ ድሮው አይደለም፤ ተሻሽሏል» ብላችሁ አስገዛችሁኝ። ስሙን አልጠራም። 3 ዓመት ሳይሞላው ካምቢዮው ማርሽ በቀየረ ቁጥር እንደ ደነበረ በቅሎ ይዘላል፤ የበሩ እጀታ ተገንጥሎ እጄ ላይ ቀርቷል። ጎረቤቴ ግን በአሮጌ ኮሮላ፣ ዘይት ብቻ እየቀየረ፣ ታክሲ ይሠራል!

የሚያንገበግበኝ እኮ አሜሪካኖቹ ጥሩ መኪና መሥራት አለመቻላቸው አይደለም፤ ይችላሉ። የአሜሪካው መኪና አምራች ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1982 የዘጋው የካሊፎርኒያው ፍሪሞንት ፋብሪካ በ1984 ከጃፓኑ ቶዮታ ጋር በሽርክና ሲከፈት፣ አብዛኞቹ ሠራተኞች እነዚያው የቀድሞዎቹ ነበሩ። ጉድለት ሲያዩ ገመድ ስበው የመገጣጠሚያ መስመሩን እንዲያቆሙ ተፈቀደላቸው፤ መኪናውም ከጃፓኑ የማይተናነስ ሆነ። ይኸው 40 ዓመት አለፈ፤ እኔ ዛሬም ጋራዥ ወንበር ላይ ተጎልቼ የቀዘቀዘ ቡና እጠጣለሁ።