ለአራስ ቤት የወሰድኩት ፓውደር

ባለፈው ክረምት ደብረ ማርቆስ አራስ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ሕፃኑ ታጥቦ እንደወጣ አያቱ ገላውን አደራርቀው ፓውደሩን ብብቱና ጭኑ ላይ ነሰነሱት። ብርድ እንዳይመታው መስኮቱ ተዘግቷል። በመጋረጃው ጠርዝ ሾልኮ በገባው ብርሃን ነጩ ብናኝ ሲንሳፈፍ አየሁ። ሕፃኑን ሁለት ጊዜ አስነጠሰው። «ይማርህ» አሉና ጨመሩለት። ፓውደሩን ገዝቼ የወሰድኩት እኔ ነበርኩ።

አራስ ጠያቂ ባዶ እጁን አይሄድም፤ ሳሙና፣ ቅባትና ፓውደር አንድ ላይ ይገዛል። ዕቃው ላይ የተጻፈውን የሚያነብ ግን ጥቂት ነው።

ብዙው ፓውደር የሚሠራበት ታልክ ከመሬት የሚቆፈር፣ በጥፍር የሚፋቅ ለስላሳ ድንጋይ ነው። ደቃቅ ብናኙ በእስትንፋስ ከገባ የሕፃኑን ሳንባ ያስቆጣል። በተፈጥሮው ደግሞ አስቤስቶስ ከሚባለው ካንሰር አምጪ ማዕድን ጋር አንድ አለት ውስጥ ሊገኝ ይችላል። የአሜሪካው ኩባንያ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ፓውደሩ ካንሰር አመጣብን የሚል ክስ ሲበዛበት በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካና በካናዳ፣ በ2023 ደግሞ በዓለም ዙሪያ የታልክ የሕፃን ፓውደሩን መሸጥ አቁሞ በበቆሎ ስታርች ተክቶታል። ፓውደር የተነሰነሰበት ሕፃን ሁሉ ካንሰር ይይዘዋል እያልኩ አይደለም፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ እስትንፋሱ ነው። የበቆሎውም ቢሆን አፍንጫው ሥር መቦነን የለበትም።

ማዕድን ሁሉ ጠላት አይደለም። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ነጭ ቅባት ለዳይፐር ሽፍታ ሐኪም የሚያዘው ነው፤ አይቦንም። የተጣራ ቫዝሊንም ቆዳውን ከእርጥበት ይከልልለታል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ከገበያ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚመጣው ኩል ነው። ለውበት ወይም ከክፉ ዓይን ይጠብቀው ተብሎ ሕፃን የሚኳልበት ቤት አለ። በዚህ ጥቁር ዱቄት ውስጥ ብዙ ጊዜ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ይገኛል፤ ሕፃኑ ዓይኑን አሽቶ ያንኑ ጣቱን ይጠባል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የሌለው ተብሎ የታወቀ የእርሳስ መጠን የለም ይላል፤ በተለይ የሚጎዳውም በማደግ ላይ ያለውን አንጎል ነው።

እናቶች ለ45 ቀኑ ክትባት ጤና ጣቢያ ይመጣሉ። ነርሷ ከመርፌው በፊት «ልጅሽን ምን ትቀቢዋለሽ? ምንስ ትነሰንሺበታለሽ?» ብላ ትጠይቅ። ባለ ሱቆችና ፋርማሲዎችም «ታልክ አለበት» የሚል የአማርኛ ወረቀት ዕቃው ላይ ይለጥፉ። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ለአራስ ቤት የምይዘው የዚንክ ቅባትና ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ነው።