ይድረስ ለክቡር የሥነ ምግባር ሥልጠና፣ ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ካለፈው እሑድ በቀር ደህና ነኝ። ጅማም ደህና ናት። ዝናቡም አለ፣ ቡናውም አለ፣ ባጃጁም ፈረንጅ አራዳ ቆሞ “አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረኝ” እያለ ነው።

እርስዎስ እንዴት ነዎት? ምሳው ተስማማዎት? የሁለተኛውን ቀን ምሳ ማለቴ ነው። እኛ ስላልበላነው ማን እንደበላው ልጠይቅ ብዬ ነው።

ወደ እሑዱ ከመግባቴ በፊት የቆየ ቂሜን ቶሎ ቶሎ ላራግፍ። አንድ ሰሞን በኮምፒውተር መጡብን። ቪዲዮው እስኪያልቅ “ቀጥል” የሚለው አይሠራም። ቪዲዮው ሊያልቅ ሲል መብራት ይሄዳል። መብራት ሲመጣ “እንኳን ደህና መጡ” ብለው ከሀ ይጀምሩኛል። ፈተናዎ ላይ መልሱ ሁሌም “መ. ሁሉም መልስ ናቸው” ነው። ሰርተፍኬቴ ላይ የአባቴን ስም አበላሽተዋል፣ አባቴ ይቅር ብሎዎታል። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለውን ተረት ሳይጠቅሱ የጀመሩበት ቀን የለም፤ በየዓመቱ እንዲህ ሲደጋግሙልን ማስጠንቀቂያ ይሁን ምክር አንዳንዱ ሰው ግራ ገብቶታል። የቡና ድርጅታችን ሥራ አስኪያጅ ደግሞ መክፈቻ ንግግር አድርገው “ለአስቸኳይ ስብሰባ” ይወጣሉ፣ “የአመራሩ አርአያነት” የሚለው ስላይድ ልክ እሳቸው በሩን ሲዘጉ ይመጣል። ይሄን እንዴት እንደሚያቀናጁት እስካሁን አልደረስኩበትም።

እሺ፣ እሑድ።

ቅዳሜ ማታ በቴሌግራም ግሩፓችን መልእክት መጣ። “ነገ ጠዋት 3 ሰዓት የሥነ ምግባርና የሕግ ተገዢነት ሥልጠና ስላለ ሁላችሁም እንድትገኙ። የቀረ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል።” እኔም ሞኝ ነገር ጠየቅኩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ በ1156/2011 ማለት ነው፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን የተሠራ ሥራ በእጥፍ ነው የሚከፈለው፣ እንዴት ነው ነገሩ? የሰው ኃይል ኃላፊው ወዲያው መለሱ። “ሥልጠና ሥራ አይደለም፣ ዕድል ነው።” ዕድሉ ለቀረ ሰው ማስጠንቀቂያ ለምን ይጻፍበታል ብዬ ልቀጥል ስል ግሩፑ “መጻፍ የሚችሉት አስተዳዳሪዎች ብቻ ናቸው” ሆነ። የሕግ ተገዢነት እንግዲህ ከዋዜማው ጀመረ።

ጠዋት ከቆጪ በዝናብ ወጥቼ ወደ ጅሬን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ አንድ አዳራሽ ደረስኩ። ከመድረኩ በስተጀርባ 12ቱ የሥነ ምግባር መርሆዎች ተሰቅለዋል። ቅንነት፣ ታማኝነት፣ ግልጽነት እያለ የሚወርደውን ዝርዝር መታወቂያ ለማሳደስ ተሰልፎ የሚያውቅ ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል። እዚያ ሌላ የሚነበብ ነገር የለማ። የፌዴራሉ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ከተቋቋመ ወዲህ ቢሮዎቻችን ይሄ ወረቀት የሚሰቀልበት ግድግዳ አጥተው አያውቁም።

አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ ነው የመጣው። ስላይዱ በእንግሊዝኛ፣ ማብራሪያው በአማርኛ፣ አዳራሹ ውስጥ ካለው ሰው ግማሹ ደግሞ ቡና ለቃሚ እናቶች፣ የቤታቸው ቋንቋ አፋን ኦሮሞ የሆነ። አጠገቤ የተቀመጠው ጥበቃችን ለኋላው ረድፍ በሹክሹክታ ሲያስተረጉም “እባካችሁ ጸጥታ” ተባለ። ከዚያ በኋላ የኋላው ረድፍ ፎቶ ብቻ ያይ ነበር። ሁለት ሰዎች ሲጨባበጡ። ፖስታ። ሚዛን።

ስለ ስጦታ ሲነሳ ያው ጥበቃ እጁን አወጣ። “ገበሬው ቡና ሊያስረክብ ሲመጣ ሙዝ ይዞልኝ ቢመጣስ?” አለ። “በትሕትና መመለስ” ተባለ። የጅማ ገበሬ ይዞልህ የመጣውን ሙዝ በትሕትና መልሰህ አይተህ ታውቃለህ? ሰውዬውን ብትሰድበው ይሻላል።

ቀጥሎ ብጣሽ ወረቀት ታደለን። “ስማችሁን ሳትጽፉ፣ በድርጅታችን ያያችሁትን የሥነ ምግባር ጥሰት ጻፉ። ምስጢር ነው፣ ነፃ ሁኑ።” እኔ እንግዲህ ስገባ በር ላይ አቴንዳንሱን አይቼዋለሁ። አራት ሳጥን አለው። ቀን 1 ጠዋት፣ ቀን 1 ከሰዓት፣ ቀን 2 ጠዋት፣ ቀን 2 ከሰዓት። ሥልጠናው ደግሞ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ያልቃል፣ ሰኞ ሁላችንም ሥራ ነን። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ። “አቴንዳንሱ የሁለት ቀን ነው። ሥልጠናው የግማሽ ቀን ነው። ቀሪው የት ነው?” ከዚያ በላይ አልጨመርኩም።

አሠልጣኙ ወረቀቶቹን እየገለጠ ያነባል። “መጸዳጃ ቤቱ ውኃ የለውም።” ሳቅ። “ምሳ ይሻሻል።” ሳቅ። የኔ ላይ ሲደርስ ጮክ ብሎ ጀምሮ መሃል ላይ ድምፁን ቀነሰ፣ ወረቀቱንም ለሰው ኃይል ኃላፊው አቀበለ። ኃላፊው መነጽራቸውን አወጡ። አዩት። ፈገግ አሉ። “ይቺን ‘ቀ’ እኮ በየቀኑ የመጋዘን ገቢ ደረሰኝ ላይ ነው የማያት” አሉና ስሜን ከነአባቴ ጠሩት። ሰርተፍኬቱ ላይ የተበላሸውን የአባቴን ስም አጥርተው ነው የጠሩት።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። “ተነስ እንጂ፣ አብራራልን!”

ተነሳሁ። ምን ላብራራ? ወረቀቱ ላይ ያለውን ደገምኩት። ድምፄ ሲቀጥን ይሰማኛል። የሥራ ባልደረቦቼ ጫማቸውን ያያሉ። አሠልጣኙ አመሰገነኝ፣ “በጣም ጥሩ ምሳሌ ነው” አለ፣ ቀጥሎም ለቤቱ አስተማረ። ይሄ ሙስና አይደለም። “የአሠራር ክፍተት” ነው።

እዚህ ጋ ስለ ቡና ትንሽ ላውራ፣ ጅማ ነኝና አይፈረድብኝም። ቡና ወደ ምርት ገበያ ሲገባ ናሙናው ኮድ ተሰጥቶት ነው ወደ ቀማሾቹ የሚሄደው። የሚቀምሰው ሰው የማን ቡና እንደሆነ አያውቅም። እንዳያዳላ፣ እንዳያጠቃም፣ እንዳይጠቃቀምም። አንድ እፍኝ ፍሬ ስሙ ይደበቅለታል። እኔ ኮድ የለኝም። “የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ” የሚባል አዋጅም አለ፣ ቁጥር 699/2003፣ አሠልጣኙ ራሱ በስላይድ ያሳየን። ያልነገረን፣ አዋጁ የሚሠራው አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ለሚያስቀጡ ወንጀሎች መሆኑን ነው። ለአራት ሳጥን ማን ይጠብቀኛል?

አቴንዳንሱ መዞር ጀመረ። ከላዩ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ታትሟል። “የድርጅቱን የሥነ ምግባር መመሪያ አንብቤ ተረድቻለሁ።” ከኔ በፊት አንዲት እናት ተቀምጠዋል፣ ቡና ለቃሚ ናቸው። መፈረም ስለማይችሉ የማኅተም ቀለም ቀረበላቸው። ሐምራዊ ቀለም። አውራ ጣታቸው ከዓመታት ለቀማ የተሰነጣጠቀ ነው፣ ቀለሙ ስንጥቁ ውስጥ ገባ። አንዴ ጫኑ። እጃቸውን ሊሰበስቡ ሲሉ ኃላፊው ያዙዋቸውና ወደ ሁለተኛው ሳጥን ወሰዱት። ከዚያ ወደ ሦስተኛው።

“አራቴ የምን ነው ልጄ?” አሉ።

“ዝም ብለው ይጫኑ እማማ፣ ፎርማሊቲ ነው።”

አራተኛውን ተጫኑ። ጣታቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት፣ አልለቀቀም።

ስማኝማ አንተ። እኚህ እናት ዕድሜያቸውን በሙሉ የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው ሲለዩ የኖሩ ናቸው። ምኑ ደህና ምኑ የነቀዘ እንደሆነ ካንተ አይማሩም። ያንን ጣት ይዘህ ነው ውሸት ላይ የጫንከው። እንደማያነቡ እያወቅክ “አንብቤ” አሰኘሃቸው። በማያውቁት ቋንቋ ለፍልፈህ “ተረድቻለሁ” አሰኘሃቸው። የዕረፍት ቀናቸውን ወስደህ ሳትከፍል፣ ያልነበሩበትን ሰኞ እንደነበሩ አስመስክረሃቸው፣ ለስላሳና ቦምቦሊኖ ሰጥተህ ሸኘሃቸው። ነገ አንድ ኬሻ ቢጎድል ይቺን ወረቀት ታወጣና “ፈርመው የለ እንዴ?” ትላለህ። ለእሳቸው ነው የምትለው። ለሥራ አስኪያጁ አትልም፣ እሱ ሲጀመር ወጥቷላ!

ይቅርታ ክቡር ሆይ፣ አንቱታው አመለጠኝ። አሁን ይዤዋለሁ።

ከዚያ ወረቀቱ እኔ ጋ ደረሰ። “የቀረን አንድ ሰው ነው” አሉ ኃላፊው ለሁሉም እንዲሰማ። “የእሱ ካልተሟላ የማንም ሰርተፍኬት አይመጣም።” ውጪ ዝናቡ እየጠነከረ ነው፣ የሰርቪሱ ሞተር ተነስቷል። ከኋላዬ አንዱ “ፈርምና እንሂድ በናትህ፣ ልጄን አሟታል” አለኝ። ፈረምኩ። አራት ጊዜ። “አየህ፣ ቀላል ነበር!” ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፣ አሠልጣኙም “ለንቁ ተሳትፎ” ብሎ የድርጅቱ አርማ ያለበት እስክሪብቶ ሸለመኝ። ተጨበጨበ። እስክሪብቶው አይጽፍም፣ ይኸው በስልኬ ነው የምጽፍልዎ።

ቤት ገብቼ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የትውልድ ሐረግዎን ማንበብ ጀመርኩ። ለካ ባለታሪክ ነዎት። አሜሪካ ኩባንያዎቿ የውጭ አገር ባለሥልጣናትን በጉቦ እንዳይደልሉ እ.ኤ.አ. በ1977 ሕግ አወጣች። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ የቅጣት መመሪያ ወጣ፣ ጥፋት የተገኘበት ኩባንያ ሕግ መጣስን የሚከላከልና የሚያጋልጥ ውጤታማ ፕሮግራም ከነበረው ቅጣቱ ይቀልለታል የሚል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2010 የጉቦ ሕጓ ላይ፣ ጉቦን ሳይከላከል የተገኘ ድርጅት “በቂ ሥርዓት ዘርግቼ ነበር” ብሎ እንዲከራከር ፈቀደች። ሥልጠና የዚያ ሥርዓት አንዱ አካል ነው። ቡናችንን የሚገዛው ባሕር ማዶ ያለው ድርጅት ዋናውን መሥሪያ ቤት ይጠይቃል፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ጅማን ይጠይቃል፣ ጅማ እማማን አውራ ጣት ይጠይቃል። እና የእማማ አውራ ጣት ለንደን ላይ ለማያውቁት ሰው ጠበቃ ሆኖ ሊቆም ነው። ያለ አበል።

ሕጎቹን ልከሳቸው አይደለም። ያኛው “ውጤታማ” ይላል፣ ይሄኛው “በቂ” ይላል። “ወረቀቱ ይሙላ” የሚል አንቀጽ ፈልጌ አጣሁ። እሱ የእኛ የራሳችን ጭማሪ ነው።

እርስዎ እኔን ሐቀኛ ሊያደርጉኝ መጥተው ሳይሳካልዎት የቀረ ይመስለኝ ነበር፣ አዝንልዎትም ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። እርስዎ የመጡት ለፊርማው ነው፣ ፊርማውን ይዘው ሄደዋል፣ ተሳክቶልዎታል። እንኳን ደስ አለዎት።

አሠልጣኙም በሰላም ገብቷል ብዬ አምናለሁ። መኪናው ላይ ሲጫን ያየሁት ማርና ቡና በትሕትና አልተመለሰም። ጥበቃው ነው የተሸከመው። ተሸክሞ ሲመለስ ምንም አላለኝም፣ ብቻ አየኝና “ሙዝ” አለ።

አሁን ወደ ልመናዬ። ቀጣዩ ዙር “የጠቋሚዎች ጥበቃ” በሚል ርዕስ እንደሆነ ሰምቻለሁ፣ ስሜም ከወዲሁ ተመዝግቧል። ሲመጡ በሥራ ቀን ይምጡ። ካልሆነም እጥፉን ይዘው ይምጡ። አፋን ኦሮሞ የሚናገር ሰው ይዘው ይምጡ፣ ጅማ ውስጥ ለመፈለግ አይቸገሩም። “አንብቤ ተረድቻለሁ” ከማሰኘትዎ በፊት ያንብቡላቸው። ሁለት ቀን ካሉ ሁለት ቀን ይሁን፣ ካልሆነ ሁለቱን ሳጥን ይሰርዙት፤ መሰረዣ እኔ ጋ አለ፣ የራሴ ነው፣ ስጦታ እንዳይመስልብኝ። ብጣሽ ወረቀት ግን አያድሉን። ከፈለጉ ኮድ ይስጡኝ፣ እንደ ቡናው።

ከሰላምታ ጋር፣
የመጋዘኑ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለሥራ አስኪያጁ፣ ከአስቸኳይ ስብሰባው ሲመለሱ
ለሰው ኃይል ኃላፊው፣ በስልክ ስለጻፍኩት “ቀ”ዬን ስላላገኙ ይቅርታ
ለጥቆማ ሳጥኑ፣ ቁልፉ እሳቸው ኪስ ውስጥ ስላለ በሳቸው በኩል