ስክሪን ላይ ሰማያዊ፣ ወረቀት ላይ ወይን ጠጅ ለሆነው ከለር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለክቡር ሰማያዊ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ። ናፍቆቱ ደግሞ የምር ነው። ስክሪን ላይ ካየሁዎትና "ፕሪንት" ካልኩ ወዲህ ዓይንዎን አላየሁም። ከፕሪንተሩ የወጣው ሌላ ነው፤ ወይን ጠጅ ለብሶ፣ ፊቱ ደብዝዞ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ "ሰማዩ እኔ ነኝ" ይለኛል።

ይቅርታ፣ ከዚህ በኋላ አንተ ልበልህ። ይህን ሁሉ ቀለምና ወረቀት ጨርሰህብኝ አንቱታው ከአፌ አልወጣ አለኝ።

የሰጠሁህ የባሕር ፎቶ ነው። ሙሉ ገጽ፣ ከላይ ጥርት ያለ ሰማይ፣ ከታች ውሃ፣ ሌላ ምንም የለም። ገጽ በማቀናብርበት ፕሮግራም፣ ኢንዲዛይን ላይ ስትታይ ታስቀናለህ። ወረቀቱ ላይ ሰማዩ ምሽት መስሏል፣ ውሃው ደግሞ የበለዘ ነገር። አጉሊ መነጽር ይዤ ተጠጋሁህና ጉድህ ወጣ! ጥቃቅን የሳያን (ቱርኩዝ መሳይ ቀለም) ነጥቦች፣ በመሃላቸው ደግሞ ማጄንታ (ደማቅ ሮዝ መሳይ) ያለ ልክ ተጠቅጥቆ። ካርትሬጁ ውስጥ እኮ ሰማያዊ የሚባል ቀለም የለም፤ አንተ የሳያንና የማጄንታ ሽርክና ነህ። ማጄንታው መጠኑ ወደ ሳያኑ በተጠጋ ቁጥር ወደ ወይን ጠጅ ትንሸራተታለህ። የኅትመት ሰዎች ጥርት ያለ ሰማያዊ ሲፈልጉ ማጄንታውን ከሳያኑ 30 ፐርሰንት ያህል ዝቅ አድርገው የሚይዙት ለዚህ ነው። ጠባይህን ስለሚያውቁ።

"ጥፋቱ የወረቀቱ ነው" እንደምትል አውቃለሁ። ግማሹ እውነት ነው፣ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ስክሪን ራሱ ያበራል፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ደምሮ ነው የሚያሳይህ። ወረቀት አያበራም። ክፍሉ ውስጥ ካለው ብርሃን ቀለሙ ውጦ ያስቀረለትን ነው የሚመልሰው። ስለዚህ ስክሪን ላይ ዓይን የሚወጋው ሰማያዊ፣ ያ ደማቅ አረንጓዴና ብርቱካናማም ጭምር፣ በሳያን፣ በማጄንታ፣ በቢጫና በጥቁር አይደረስባቸውም። እሺ፣ ይሁን። ግን እንደማትደርስ ካወቅክ አስቀድመህ አትናገርም?

ትናገራለህ እንጂ! ማንም የማይከፍተው "ቪው" ሜኑ ውስጥ "ፕሩፍ ከለርስ" በምትባል መስመር ተደብቀህ። የፕሪንተሩንና የወረቀቱን ፕሮፋይል (የከለር ጠባያቸውን የሚናገር ፋይል) መርጦ እሷን የነካ ሰው ወረቀት ላይ ምን እንደምትመስል ሳያትም ያያል። የወረቀቱን ነጭ የምታስመስለውን ምርጫ ከጨመረማ ገጹ በሙሉ አመድ ይለብሳል፣ ሰውየውም ደንግጦ ወዲያው ያጠፋዋል። አመዱ ግን እውነቱ ነበር።

ጓደኛህ ሞኒተርም ያው ነው። ለፎቶ ኅትመት ሥራ ከ80 እስከ 120 ካንዴላ በካሬ ሜትር (የስክሪን ድምቀት መለኪያ ነው) ይበቃዋል፤ ከካርቶኑ ሲወጣ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ እጥፍ በላይ ያበራል። ከዚያ "ፕሪንቱ ጠቆረብኝ" ይባላል። ፕሪንቱ አልጠቆረም፣ ሞኒተሩ ነው የጮኸው።

ከሁሉ የባሰው ግን ሹመት ላይ ያለህ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ኩባንያዎች ተሰብስበው ኢንተርናሽናል ከለር ኮንሰርቲየምን ያቋቋሙት አንተን አደብ ለማስያዝ ነበር። ፕሮፋይል የሚባለው ነገር ይኸው ነው፤ ይህ የከለር ቁጥር በዚህ ስክሪን፣ በዚህ ፕሪንተር፣ በዚህ ወረቀት ምን ዓይነት ከለር እንደሚሰጥ የሚናገር ፋይል። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ አልክድም። አንተ ግን ምን አደረግክ? ፕሮግራሙንም የፕሪንተሩን ድራይቨርም (ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን የሚያዝበትን ሶፍትዌር) ባንድ ላይ አለቃ አደረግካቸው። ፕሮግራሙ ከለሩን ለወረቀቱ አስተካክሎ ይልካል፣ ድራይቨሩ ደግሞ ማንም እንዳልነካው ቆጥሮ እንደገና "ያስተካክለዋል"። ሁለት ሹፌር አንድ መሪ ይዘው መኪናው ገደል ቢገባ ምን ይገርማል? በዚህ መሐል የሚወቀሰው ገጹን የሠራው ሰው ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ አለቃህ አንድ ነው። የማትመው ከኢንዲዛይን ከሆነ፣ የፕሪንት መስኮቱ ላይ ከለሩን ኢንዲዛይን ይወስን እላለሁ፣ የዚያን ፕሪንተርና የዚያን ወረቀት ፕሮፋይል እመርጣለሁ፣ ከዚያ ድራይቨሩ ውስጥ ገብቼ የእሱን ከለር ማስተካከያ ድርግም አድርጌ አጠፋለሁ። ለወረቀቱ የሚሆን ፕሮፋይል ከሌለኝ ደግሞ በተቃራኒው፣ ድራይቨሩ ብቻውን ይሥራ። የወረቀቱንም ዓይነት በትክክል እነግረዋለሁ። የሚያብረቀርቅ የፎቶ ወረቀት አስገብተው "ተራ ወረቀት" የሚለውን እንዳለ የሚተዉ ሰዎች አሉ፤ እነሱን ከአንተ ጋር አንድ ላይ ነው የምከሳችሁ።

ያለ ፕሮፋይል የሚመጡ ፎቶዎችንም አልቀበልም። አዶቤ አርጂቢ በሚባለው ሰፊ የከለር ክልል የተቀመጠ ፎቶ ፕሮፋይሉ ከጠፋና ፕሮግራሙ ጠበብ ያለው ኤስአርጂቢ ነው ብሎ ከገመተ፣ ቁጥሩ ሳይነካ ከለሩ ይደበዝዛል። ያኔ ደግሞ ሌላው "ካሜራዬ ነው የተበላሸው" እያለ ሲማረር ይውላል።

ፍርድም በአምፖል ሥር አይሰጥም። አምፖል ሥር አንድ የሚመስሉ ሁለት ፕሪንቶች መስኮት ጋ ሲወሰዱ ሊለያዩ ይችላሉ፣ ያንተንም ፈተና ባለሙያዎቹ የቀን ብርሃን በሚመስል የ5000 ኬልቪን መብራት ነው የሚያዩት። ቀለሙም ይድረቅ። ከፕሪንተሩ አፍ ላይ ነጥቀው "ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ይሄ ሰማያዊ አይደለም" ብለው የሚምሉትንም ታገሱ የምላቸው ለዚሁ ነው።

ካልተስማማህ ፎቶውን በጥቁርና ነጭ አትመዋለሁ። በእርግጥ ያኔም ግራጫው ውስጥ ሰርገህ ገብተህ ሰማያዊ እንደምታስመስለው አውቃለሁ፤ ያኔስ መምጣት አያቅትህም።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የደከመው ገጽ አቀናባሪ

ግልባጭ፦
ለማጄንታ ካርትሬጅ፣ ባለህበት
ለፕሪንተሩ ድራይቨር (እጅህን አንሣ)
ለሞኒተሩ፣ ብርሃኑን ቀንሶ እንዲያነብ
ለደንበኛው፣ ወይን ጠጁ ናሙና ሳይያያዝ