ፍርድ ቤት አይዘመትም፣ ይመላለሱበታል

ፌስታሉ ጥቁር ነበር፤ እጀታው ተበጥሶ በክር ታስሯል። እትዬ (ስማቸውን እዚህ አላነሳም)፣ ያን ጊዜ የሕግ ተማሪ ሆኜ በማገለግልበት የዩኒቨርሲቲው ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡትና ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አወጡ። የቀበሌ ደብዳቤ፣ የሟች ባለቤታቸው የእድር ደብተር፣ የወራሽነት ማስረጃ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ የፍርድ ግልባጭ። ግልባጩን ዝናብ ነክቶት የማኅተሙ ሐምራዊ ቀለም እስከ ዳኛው ፊርማ ድረስ ተስፋፍቷል። «ልጄ፣ ይኸው አመጣሁት። በሐምሌ ሁለቴ መጥቼ ዝግ ነበር» አሉኝ። ወሩ ጥቅምት ነው። ፍርዱ የተሰጠው በግንቦት መጨረሻ ነበር። የይግባኝ ጊዜ 60 ቀን መሆኑን ለፈተና ሸምድጄው ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። ለእኚህ ሴት ግን «የይግባኝ አቤቱታውን እጽፍልዎታለሁ» ብዬ ሳልጽፍ፣ ፈተናዬን ጨርሼ ወደ ቤተሰቦቼ ሄጄ ክረምቱን እዚያ አሳልፌያለሁ።

ማስፈቀጃ ጽፈን አስገባን። ጊዜው ያለፈበት ይግባኝ በቂ ምክንያት ሲኖር ይፈቀዳል። የተማሪ እረፍት በቂ ምክንያት ነው የሚል ዳኛ ግን ያን ጊዜም አልገጠመኝም፣ ጠበቃ ከሆንኩ ወዲህም አልገጠመኝም። እትዬ ባለሁለት ክፍል ቤታቸውን አጡ። ይግባኙ በሰዓቱ ቢቀርብ ያሸንፉ ነበር ብዬ አልምልም፤ የመሰማት ዕድላቸውን የነሳኋቸው ግን እኔ ነኝ።

ይህን የማነሳው ንስሐ ለመግባት አይደለም። ሰሞኑን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በማኅበረሰብ አገልግሎት ስለሚሳተፉበት መንገድ በተነሳ ቁጥር የምሰማው የአንድ ሰሞን ዘመቻ ብቻ መሆኑ ስላላማረኝ ነው። በየዓመቱ ሰኔና ሐምሌ ሲመጣ የበጎ ፈቃድ መክፈቻ ይደረጋል። ካናቴራ ይታደላል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ችግኝ ይተከላል፣ የአረጋውያን ቤት ጣሪያ ይለወጣል፣ ደም ይለገሳል። አንዱንም አልነቅፍም፤ ጣሪያቸው ክረምቱን ሲያፈስ የነበረ አዛውንት ቆርቆሮ ሲመታላቸው አይቼ የማላውቅ ሰው አይደለሁም። ግን ልብ በሉ፣ ይህን ሁሉ የምንጠራው «ዘመቻ» ብለን ነው። የጽዳት ዘመቻ፣ የችግኝ ተከላ ዘመቻ፣ የደም ልገሳ ዘመቻ። ቃሉ ከጦር ሜዳ የመጣ ነው። የዘመተ ሰው ይሄዳል፣ ድል ያደርጋል፣ ፎክሮ ይመለሳል። ፍትሕ ያጣ ሰው ጉዳይ ግን በአንድ ቅዳሜ አያልቅም። ቀጠሮ አለው፤ ቀጠሮው ይለወጣል፤ መዝገቡ ይጠፋል፤ ምስክር ይቀራል። ድሃ ፍርድ ቤት የሚያውቀው በመመላለስ ነው፣ ከጎኑ የሚቆም ተማሪም መመላለስ አለበት።

የተማሪና የፍትሕ ነገር አገራችን ውስጥ ትናንት የተጀመረ አይደለም። የካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ወጡ። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ የአዲስ አበባ የኔ ቢጤዎች ተለቅመው ስለሚታጎሩበት ስለ ሾላ ካምፕ «ድህነት ወንጀል ነው ወይ?» ብለው ጠየቁ። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ የመጀመሪያውን ያህል አይወሳም፤ ለእኔ ግን ከመሬቱ ጥያቄ ይልቅ ዛሬም በየጣቢያውና በየችሎቱ በር ላይ ቆሞ የማየው እሱ ነው። በዚያው በ1950ዎቹ አጋማሽ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር የሚልክበትን የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ጀመረ። አብዛኞቹ የሄዱት ሊያስተምሩ ነው። ዲግሪ ለመቀበል ያንን ዓመት መወጣት ግድ ነበር። አንድ ዓመት ረጅም ነው፤ ተማሪው ደመወዝ የዘገየበትን መምህር፣ ሰባት ኪሎ ሜትር በእግሩ የሚመጣውን ሕፃን፣ እርሻውን ትቶ ዳኛ የሚጠብቀውን ገበሬ ያውቃል። የከተማው ልጅ ስለ ጭሰኛ ከመጽሐፍ ካነበበው ይልቅ እዚያ ያየው ሳይበልጥበት አልቀረም።

ከዚያ ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. መጣ። የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማራ። የዘመቻው ወላጅ ማን እንደሆነ እናውቃለን፣ ወታደሩ መንግሥት ተማሪውን ከአዲስ አበባ ራቅ ማድረጉን ጠልቶት አልነበረም። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ዘማቾቹ ገበሬውን በማኅበር ሲያደራጁ አገኛቸው። ፍትሕን በእጃቸው የያዙ መሰላቸው። ከባላባቱ፣ ከፖሊሱና ከአስተዳዳሪው ተጋጩ፤ የሞቱም፣ ጥለው የጠፉም አሉ። አባቴ ከእነዚህ ዘማቾች አንዱ ነበር። ስለዚያ ጊዜ ሲጠየቅ የሚያስታውሰው መፈክሩን አልነበረም፤ ማኅበር ካቋቋሙ በኋላ ጥለዋቸው ስለሄዱት ገበሬዎች ነበር። «እኛ ወደ ቤታችን ተመለስን፣ እነሱ ከባላባቱ ጋር እዚያው ቀሩ» ይል ነበር።

ተመላላሽ የሆነውን አሠራር ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የጤና ትምህርቱን መመልከት ይበቃል። በደምቢያ ቆላ ድባ አካባቢ በፈረንጆቹ 1953 የተነሳው ወባ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ ነው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተቋቋመው። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የንጽህና ባለሙያ ተማሪዎች ለየብቻ ሳይሆን በቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ ወርደው ይማሩ ነበር። የጂማው ጤና ሳይንስ ተቋምም ከተመሠረተበት ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይህንኑ የትምህርቱ መሠረት አደረገው። ተማሪው ወደ ቀበሌ ወርዶ ቤት ለቤት ይመዘግባል፣ የአካባቢውን ችግር ይለያል፣ በሚቀጥለው ዓመት ወደዚያው ማኅበረሰብ ይመለሳል፣ በመጨረሻ ደግሞ ከሌሎች የትምህርት ክፍሎች ተማሪዎች ጋር በቡድን ይሠራል። ነጥብ አለው፤ ተቆጣጣሪ መምህር አለው፤ የማይገኝ ተማሪ ይወድቃል። ማንም ካናቴራ አልብሶ አይሸኘውም። በገጠር ጤና ጣቢያ የሠሩ ሐኪሞች ከተማሩት ሁሉ ያኔ ያዩትን እንደማይረሱ ሲናገሩ ሰምቻለሁ።

ሕግ ትምህርት ቤቶች ከዚህ መንገድ ግማሹን ሄደውታል። በአዲስ አበባ፣ በሐሮማያ፣ በጂማ፣ በሐዋሳ፣ በጎንደርና በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ተከፍተዋል፤ ተማሪዎች በመምህር ሥር ሆነው ምክር ይሰጣሉ፣ ማመልከቻ ይጽፋሉ። የሚመጣው ሕዝብ ምን ይዞ እንደሚመጣ ለማያውቅ ሰው ልንገር። ቀለብ። በብዛት ቀለብ ነው፤ ልጅ ትቶ ሌላ ከተማ ገብቶ ስልኩን የቀየረ አባት። ቀጥሎ ውርስ፣ የቤትና የይዞታ ክርክር፣ ደመወዟን ሳትቀበል የተባረረች የቤት ሠራተኛ። ከዓረብ አገር የተመለሰች፣ የላከችውን ገንዘብ ወንድሟ በስሙ ቤት ሠርቶበት ያገኘች እህት። ብዙዎቹ የሚፈልጉት የችሎት ክርክር አይደለም። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጥላ ዘርግተው በገጽ ከሚያስከፍሉት ጸሐፊዎች የሚሻል፣ የሚሉትን የሚሰማ ሰው ነው። አንዳንዱ ደግሞ የዳኝነት መክፈያ የለውም። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ «በድሃ ደንብ» ያለ ክፍያ ክስ የሚቀርብበትን በር ከፍቶ ሳለ፣ ያ በር መኖሩን የሚነግረው ሰው ስላጣ ብቻ ከሬጅስትራር መስኮት የተመለሰ አለ። ይህን ለመንገር ደግሞ ጠበቃ መሆን አያሻም፤ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ይበቃል።

የቋንቋውንም ነገር ማለፍ አልፈልግም። አንድ የዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ክፍል ውስጥ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ወላይትኛ፣ ሶማሊኛ የሚናገሩ ልጆች አንድ አልጋ ላይ ወጥተው ኳስ ያያሉ። ሕገ መንግሥቱ የተከሰሰ ሰው የሚካሄደው ነገር በማይገባው ቋንቋ ከሆነ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይመደብለታል ይላል። በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ማመልከቻቸውን የሚያነብላቸው ሰው ያጡ ባለጉዳዮች ግን ከዚያው ማደሪያ በእግር ሃያ ደቂቃ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጠዋል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ያላቸውን ይህን ሀብት የሚያስታውሱት የባህል ቀን ሲመጣ ነው፤ ያን ቀን በየብሔሩ ልብስ አሰልፈው ፎቶ ያነሱታል።

ሕግ ላልሆኑትስ? የሒሳብ አያያዝ ተማሪ የእድር ደብተር ከፍቶ ይየው። እኛ ሠፈር ያለው እድር ገንዘብ ያዥ በእርሳስ የሚጽፉ፣ ስህተት ሲያገኙ በምራቅ የሚያጠፉ ሽማግሌ ናቸው። ታማኝነታቸውን ማንም አይጠይቅም፤ ደብተራቸውን ግን ከእሳቸው በስተቀር አንብቦ የሚረዳው የለም። እሳቸው ሲያልፉ ጠብ መምጣቱ አይቀርም፣ ጠቡም ወደ እኛ ማዕከል ይመጣል። አንድ ተማሪ በወር ሁለት እሑድ እየመጣ አብሯቸው ቢሠራ ነገሩ ከፍርድ ቤት በፊት ያልቅ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ ማዕከላቱን የሚያሽመደምደው የበጎ ፈቃድ ማጣት አይደለም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጁም ማኅበረሰብ አገልግሎትን ከማስተማርና ከምርምር ጎን አስቀምጦታል። ችግሩ የቀን መቁጠሪያው ነው። ችሎት ሴሚስተር አያውቅም። ተማሪው ጉዳዩን በመጋቢት ይቀበላል፣ በሰኔ ይሄዳል፣ በመስከረም ሌላ ተማሪ ፋይሉን ሲከፍት የሚያገኘው ግማሽ ገጽ ማስታወሻ ነው። አምስተኛ ዓመት ላይ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ ያኔ ማዕከሉ ባዶውን ይቀራል። መምህሩም ቢሆን ይህን ሥራ የሚሠራው ከማስተማር ጭነቱ ላይ ደርቦ ነው፤ የደረጃ ዕድገቱ የሚለካው ባሳተመው ጽሑፍ እንጂ ባተረፈው ቤት አይደለም። ለታክሲ የሚሆን ገንዘብ የሌለው ተማሪም አለ። ካፌ የሚበላ ልጅ ፍርድ ቤት ውሎ ምሳ ሲያልፈው ማን ያበላዋል? ስለ ተሳትፎ ዕድል የሚያወሩ ሰዎች ይህን ጥያቄ ሲያነሱ አልሰማሁም፤ እኔ ግን ብዙ ማክሰኞ ሳልበላ ውያለሁ።

ስለዚህ ሐሳቤ ትንሽ ነው። ጉዳይ የያዘ ተማሪ ከመሄዱ በፊት ቀጠሮውን ለተተኪው፣ ተቆጣጣሪው መምህር ባሉበት፣ ፈርሞ ያስረክብ፤ ያላስረከበ ውጤቱ አይገለጽለት። ክረምቱን የሚሸፍኑት ጠበቆች ይሁኑ። ከ1992ቱ የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ ጀምሮ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ነጻ አገልግሎት እንዲሰጥ ይጠበቅበታል። ብዙዎቻችን ያንን ሰዓት የምንሞላው ዓመቱ ሊያልቅ ሲል በጥድፊያ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴን ብንካፈለው ለሁሉም ይበቃል። የወጪ መጋራቱም ነገር ይታሰብበት። ለመምህርነት የሚሠለጥኑ ዕዳቸውን በአገልግሎት የሚከፍሉበት አሠራር ካለ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በማዕከል የሠራ ተማሪ ከዕዳው ጥቂት የማይቀነስለት ለምንድን ነው?

ይህ ሁሉ ግዴታ ከሆነ በጎ ፈቃድነቱ የት አለ የሚል ክርክር ይነሳል። ተነስቶብኝም ያውቃል። ደጅ ለሚጠብቀው ባለጉዳይ የተማሪው ፈቃድ በጎ ይሁን አይሁን ለውጥ የለውም፤ ቀጠሮው ላይ መገኘቱ ነው የሚቆጠርለት። ልቡን ደግሞ ሥራው ራሱ ይሰጠዋል። እኔ ማዕከሉ የገባሁት ለነጥብ ነበር።

ዛሬ ከከተማችን ማዕከላት በአንዱ በወር ሁለት ጊዜ እቀመጣለሁ። ባለፈው ሰኔ የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ሊበተኑ ሦስት ቀን ሲቀራቸው አንዲት ልጅ አሥራ አንድ ፋይል ታቅፋ ገባች፤ በእያንዳንዱ ሽፋን ላይ የመጨረሻውን ቀን በቀይ እስክሪብቶ ጽፋለች። ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸውና «ሐምሌ 19 ያለውን ማን ይይዘዋል?» ብላ ጠየቀች። የክረምቱን መርሐ ግብሬን አወጣሁ።