የተሸሸገው ረሃብ

ክርክሩ የተነሳው በሁለት የተቀቀለ እንቁላል ነው።

ስፖርት ሠርተን ጨርሰን፣ አራት ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለን ላባችንን እንጠርጋለን። አራታችንም አርባን ከተሻገርን ቆይተናል። ጓደኛሞች አይደለንም። በተመሳሳይ ሰዓት የምንመጣ፣ ዳምቤል የምንቀባበል የጂም ትውውቆች ነን። አንደኛዋ ቦርሳዋን ከፈተችና ምሳ ዕቃ አወጣች። እንቁላሉን ልጣ ሳትጨርስ አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ዞር ብሎ አያት።

«ምን ጉድ ነው! አሁን ያቃጠልሽውን አሁኑኑ ልትመልሺው?»

«ራበኛ» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ሰውየው ግን ይቺን ቃል ሲጠብቅ የኖረ ይመስላል። ቲሸርቱን ገለጥ አደረገና ጠፍጣፋ ሆዱን መታ መታ አድርጎ፣ «ሆድና ግንባር አይሸሸግም ይላሉ አባቶች። የሰው ዲሲፕሊን የሚታየው እዚህ ጋ ነው» አለ።

ከማን ወገን እንደነበርኩ ከወዲሁ ልናገር። እንቁላሉ ገና ሳይላጥ ጀምሮ ከእሷ ጋር ነበርኩ። ሆድና ግንባር አይሸሸግም ከተባለ የኔም ግንባር አይሸሸግ።

ሴትየዋ 48 ዓመቷ ነው። በፊት በእግር መሄድ ብቻ ነበር የምትወደው። ከአራት ወር ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ክብደት ታነሳለች፣ ምግቧንም ቀንሳለች። 5 ኪሎ ቀንሳለች። ጎበዝ ናት። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ጠዋት ደህና ነኝ» አለችን። «ማታ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። እራት በልቼ፣ የልጆቹን ሳህን ላጥብ ስነሳ የተረፋቸውን ቆሜ እጨርሰዋለሁ። እንደገና ፍሪጅ እከፍታለሁ። የምፈልገውን እንኳ አላውቀውም፤ ዝም ብዬ መብራቱን አያለሁ።»

እኔም ያንን የፍሪጅ መብራት አውቀዋለሁ። ከዚህ በፊት ሁለቴ ከስቼ ሁለቴም የወፈርኩት እሱ መብራት ሥር ነው።

ሰውየው ሳቀ። ረሃብ ጭንቅላት ውስጥ ነው አለ። ውኃ ጠጪበት አለ። ሲርብሽ ስብሽ እየቀለጠ መሆኑን አስቢና ተደሰቺ አለ። እሱ በቀን አንዴ ብቻ ነው የሚበላው፤ ይኼው ምንም አልሆነም። ደግሞ ከ40 በኋላ ሜታቦሊዝም፣ ማለትም ሰውነት ምግብን አቃጥሎ ኃይል የሚያወጣበት ሥራ፣ ስለሚሞት ምግብ ማየት ራሱ ያወፍራል። ይህን ሁሉ የተናገረው በአንድ ትንፋሽ ነው። ዓይኑ ግን እንቁላሉ ላይ ነበር።

ስለ ሜታቦሊዝሙ እንኳ ፈጥኜ አለፍኩት። በ2021 ከ29 አገሮች የተሰበሰበ ከ6,400 በላይ ሰዎች መረጃ ታይቶ፣ የሰውነት መጠን ታሳቢ ሲደረግ ከ20 እስከ 60 ዓመት ድረስ የምናቃጥለው ኃይል ብዙም እንደማይለዋወጥ ታውቋል። በዚህ ዕድሜ የሚሞተው ሌላ ነገር ነው። ቁጭ ብለን ስለምንውል ጡንቻችን ይሟሽሻል። ከ30ዎቹ ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ የሚሆን ጡንቻ ይሄዳል ይባላል። ሴቶች ደግሞ የወር አበባ ሊቋረጥ ሲቃረብ ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ሲቀንስ፣ ዳሌ ላይ የነበረው ስብ ወደ ሆድ ይዞራል። ሜታቦሊዝም ሞተ እያሉ ማልቀስ ይቀላል መሰለኝ፤ ቁጭ አልኩ ከማለት ይሻላል።

አራተኛዋ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ስልሳን አልፈዋል፣ ከሁላችንም በላይ ረጋ ብለው ስኳት ይሠራሉ። እስካሁን ዝም ብለው ነበር። ፎጣቸውን አጠፉና፣ «ልጄ፣ ረሃብ ጠባይ አይደለም። ደም ውስጥ የሚለካ ነገር ነው» አሉት።

ቀጥለው ነገሩን። ጨጓራ የሚያመነጨው ግሬሊን የሚባል ሆርሞን አለ፤ በ1999 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ያገኙት ነው። ሥራው ለአንጎል «ብላ» ማለት ነው። ስብ ራሱ የሚያመነጨው ደግሞ ሌፕቲን አለ፤ እሱ በ1994 ነው የተገኘው። «ስንቅ አለ፣ አትጨነቅ» የሚለው እሱ ነው። ሰው ሲከሳ ስቡ ያንሳልና ሌፕቲኑ ይቀንሳል፤ ግሬሊኑ ይጨምራል። አንጎል ጂም መመዝገብህን አያውቅም። እሱ የሚያየው ስንቅ ማለቁን ብቻ ነው።

«ታዲያ ይለመዳላ» አለ ሰውየው።

እዚህ ላይ አላስችል አለኝ። በ2011 የወጣ የሜልቦርን ጥናት 50 ወፍራም ሰዎችን ለ10 ሳምንት በጣም አነስተኛ ምግብ ሰጥቶ አከሳቸው። ከዚያ አንድ ዓመት ጠብቆ ሆርሞናቸውን ለካ። ከዓመት በኋላም የረሃቡ ሆርሞን ወደ ቦታው አልተመለሰም፤ ሰዎቹም ከመጀመሪያው የበለጠ ይርባቸው ነበር። ሌላም አለ። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ተመራማሪ የነበረው ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ በ2016 እንዳሰሉት፣ ከሰውነት በሚወርድ በእያንዳንዱ ኪሎ የመብላት ፍላጎት በቀን 100 ካሎሪ ገደማ ይጨምራል። ሰውነት የሚያቃጥለው ደግሞ በኪሎ ከ20 እስከ 30 ካሎሪ ያንሳል። እንግዲህ ይህቺ ሴት የቀነሰችውን 5 ኪሎ አስቡት። በየቀኑ 500 ካሎሪ የሚያህል ተጨማሪ ረሃብ ይዛ ነው የምትዞረው ማለት ነው። አንድ ደህና ምሳ ያህል! ያንን ተሸክማ ሥራ ትውላለች፣ ልጅ ታበላለች፣ ከዚያ መጥታ ክብደት ታነሳለች። ሰውየው ግን ዲሲፕሊን የላትም ይለናል።

«ሰበብ ነው» አለ። «ወኔ ያለው ሰው ይችለዋል። ሆድና ግንባር አይሸሸግም።»

ወኔ? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ሚኒሶታ ውስጥ 36 ጤነኛ ወጣቶች በፈቃዳቸው የረሃብ ጥናት ገብተው ነበር። ሰው አንገድልም ብለው መሣሪያ ያልያዙ፣ ለእምነታቸው የቆሙ ሰዎች ናቸው። ወኔ ከተባለ ከእነሱ በላይ ማን አለ? ለ24 ሳምንት በቀን 1,570 ካሎሪ ገደማ በሉ። ዛሬ ስንቱ ሰው «ዳይት ላይ ነኝ» እያለ ከዚያ በታች ይበላል! እነዚያ ወጣቶች ሳህን መላስ ጀመሩ። የምግብ አሠራር መጻሕፍት ይሰበስቡና ተኝተው ያነቡ ነበር። ሕልማቸውም ወሬያቸውም ምግብ ሆነ። ረሃባቸውም ሊሸሸግ አልቻለም።

ፍትሐዊ ለመሆን ሰውየው አንድ እውነት ተናግሯል። አንድ ሰዓት ክብደት ማንሳት ሰው የሚያስበውን ያህል አያቃጥልም። በእጅ ላይ የሚታሰረው ሰዓት «800 ካሎሪ አቃጠልክ» ሲል አትመኑት። እሱን አምኖ «ይገባኛል» እያለ ኬክ የሚበላ ሰው ልፋቱ ከንቱ ነው። ይህን ብሎ ቢያቆም ኖሮ ጨብጬው እሄድ ነበር። አላቆመም እንጂ። ለሴትየዋ ቁርስም ምሳም ዝለዪ ብሎ ሊመክራት ሲል ነርሷ አቋረጡት። «የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያናግር ምግብ ቢዘል ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። ለሁሉም ሰው አንድ ምክር አታድል» አሉት።

«እና ምን ላድርግ?» አለች ሴትየዋ። የመጀመሪያው ቁም ነገር ያለው ጥያቄ ይሄ ነበር።

ነርሷ መጀመሪያ የጠየቋት ስንት እንደምትቀንስ ነው። ለካስ በየቀኑ ከሚያስፈልጋት ወደ 900 ካሎሪ ታጎድል ነበር። በአንድ ወር ልትጨርሰው! ከ300 እስከ 500 ይበቃል አሏት። በሳምንት የሰውነትሽን ክብደት ግማሽ በመቶ ያህል ብትቀንሺ ምን ጎደለሽ፣ ማን እያባረረሽ ነው? ሲበዛ ደግሞ ጡንቻው አብሮ ይሄዳል። ክብደት ሳያነሳና በቂ ፕሮቲን ሳይበላ የሚከሳ ሰው፣ ከቀነሰው ሩብ ያህሉ ስብ ያልሆነ ሊሆን ይችላል። ሚዛኑ ላይ ቁጥሩ ያምራል፤ የቀለጠው ግን የተለፋበት ሥጋ ነው።

እዚህ ጋ ሰውየውን አየሁት። ሆዱ እውነትም ጠፍጣፋ ነው። የሚያነሳው ዳምቤል ግን ከዓመት በፊት ያነሳው ያው ነው። ሆድና ግንባር ካልተሸሸገ ክንድም አይሸሸግም።

ፕሮቲኑን በተመለከተ፣ ክብደት ለሚያነሳ ሰው በቀን በኪሎ 1.6 ግራም ገደማ ይመከራል። 75 ኪሎ ለሆነ ሰው 120 ግራም ማለት ነው። ሁለቱ እንቁላሎች 12 ግራም ያህል ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሴትየዋ ያጠፋችው መብላቷ ሳይሆን ትንሽ መብላቷ ነው። ጠዋት ፕሮቲን ነክታ የማታውቅ ሰው ማታ ፍሪጅ ፊት መቆሟ ምን ይገርማል?

ሌላው ነገር ሆድ የሚሞላ ምግብ ነው። በ1995 የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች 38 ምግቦችን እኩል ካሎሪ አድርገው የትኛው ይበልጥ እንደሚያጠግብ አወዳድረው ነበር። ነጭ ዳቦን 100 ብለው ሲነሱ የተቀቀለ ድንች 323 ወጣ። ክሩዋሳን የሚባለው ቅቤ የበዛበት ዳቦ 47። ድንች! ዳይት የሚሉ ሰዎች መጀመሪያ የሚያባርሩት እሱን አይደል? እኔ ራሴ ለስንት ዓመት ድንች እንደ ሌባ ስሸሸው ኖሬ በብስኩት ነበር የምወፍረው።

እንቅልፍ ላይ ግን እኔም ተከሳሽ ነኝ። በ2010 የቺካጎ ተመራማሪዎች 10 ጎልማሶችን እኩል ምግብ እየሰጡ አንዴ 8 ሰዓት ተኩል፣ አንዴ 5 ሰዓት ተኩል እንዲተኙ አደረጓቸው። የቀነሱት ኪሎ ተቀራራቢ ነው። በእንቅልፍ ማጣቱ ጊዜ ግን ከስብ የቀነሱት በ55 በመቶ አነሰ፤ ረሃቡም በረታ። ይህን ሳወራ ነርሷ «አንተስ ስንት ሰዓት ትተኛለህ?» አሉኝ። ወሬ ቀየርኩ።

አሁን የኔን ፍርድ ልናገር፤ መቼም እስካሁን አልደበቅሁትም። ረሃብን የሚንቅ ሰው ወይ ተርቦ አያውቅም፣ ወይ ተርቦ ይዋሻል። ረሃቡ እንደሚመጣ የታወቀ ነው። የሚመጣን እንግዳ ጠረጴዛ አዘጋጅቶ መጠበቅ ነው እንጂ በር ዘግቶ «የለሁም» ማለት ምን ይባላል? በሩን ሰብሮ ይገባል። የሚገባውም ማታ፣ ደክሞህ፣ ፍሪጁ ፊት ቆመህ ሳለ ነው።

የሚያናድደኝ ግን ሰውየው ብቻ አይደለም። ዘመኑ ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ አስቀምጦ ያውለናል። ምሳ የምንበላው ስክሪን እያየን ነው፤ ምን እንደበላን እንኳ አናውቅም። ያ ኬቨን ሆል በ2019 ባወጣው ሥራ፣ 20 ሰዎች ያሻቸውን ያህል እንዲበሉ ተፈቅዶላቸው፣ በፋብሪካ በብዙ የተቀነባበረ ምግብ ሲቀርብላቸው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ። ማንም አላስገደዳቸውም። ያንኑ ምግብ በየጥጉ እየደረደረ የሚሸጥልን ዘመን፣ ቦርጭ ስናወጣ «ዲሲፕሊን የለህም» ይለናል። ቀጥሎ የቦርጭ ማጥፊያ ሻይ ይሸጥልናል። ቀጥሎ ወገብ ማጥበቂያ ቀበቶ። ፎቶ ሲነሳ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ትንፋሹን የሚይዝ ትውልድ ሆነናል። ሆድና ግንባር አይሸሸግም ያሉት ሰዎች ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር? ሆዱ በቀበቶ፣ ግንባሩ በፊልተር ተሸሽጎ አለቀ።

ደግሞ ስለ መርፌው ማንም አያወራም። በ2021 አሜሪካ ውስጥ ለክብደት መቀነሻ የተፈቀደው ሴማግሉታይድ ዋና ሥራው የምግብ ፍላጎትን ማስታገስ ነው። ረሃብ የወኔ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ መርፌ እንዴት ያስታግሰው ነበር? መድኃኒቱን ሐኪም አዞለት የሚወስድ ሰው ምንም አላጠፋም። እኔ የምለው በድብቅ እየተወጋ «እኔ በዲሲፕሊን ነው» እያለ ሌላውን ስለሚያሳፍረው ነው። ሀብታም ለጤና፣ ደሃ ለሆዱ ሲጨነቅ ማፈር ያለበት ሁልጊዜ የራበው ሰው ነው? እንዴት እንዲህ ሆንን?

ይህን የመጨረሻውን እዚያ አልተናገርኩትም። ቤት ስደርስ ነው የመጣልኝ፤ ጥሩ መልስ ሁሌም ቤት ነው የሚመጣው።

እዚያማ ሴትየዋ ሁለተኛውን እንቁላል በልታ ጨረሰች። ሰውየው ቦርሳውን አንግቶ እስከ በሩ ሄደና ተመለሰ። ነርሷ ጫማቸውን እያሰሩ ነበር። ጎንበስ አለና ድምፁን ቀንሶ፣ «ያ... ግሬሊን ያሉት ነገር፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል እንዴ?» አላቸው።