ለድሬዳዋ የሚቀድመው የቱ ነው፤ የቀበሌ ኮምፒውተር ወይስ የእጅ ስልክ?

ኢንተርኔት ላልደረሳቸው የድሬዳዋ ነዋሪዎች የሚውል ውስን ገንዘብ አለ እንበል። በየቀበሌው የጋራ ኮምፒውተር ክፍል ይከፈትበት ወይስ አገልግሎቱን በእጅ ስልክ ለማድረስ ይዋል? ሁለት ሰዎች በጽሑፍ ተሟግተውበታል። ድሬ ላይ ስለሆነ አንቱታው ቀርቷል።

ለክፍሉ፦ ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የሙከራ አገልግሎቱን መጀመሪያ የከፈተው እዚሁ ከተማ ነው፤ ኔትወርክ እያለም ግን ብዙ ሰው ዳር ቆሟል። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኦንላይን መሰጠት ጀመረ። ስክሪን በአውራ ጣቱ መንካት ብቻ የለመደ ልጅ ማውስ ሲይዝ ቀስቱን ሲያሳድድ ሰዓቱ ያልቅበታል። አሥር ኮምፒውተር በቀን ስምንት ሰዓት ቢሠራና ለሰው አንድ ሰዓት ቢደርሰው 80 ሰው ይስተናገዳል። 80 ስልክ ብትገዛ ግን 80 ኪስ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

ለስልኩ፦ አቦ፣ ይህ መብራት የማይጠፋበት አገር ሂሳብ ነው! አንድ ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ 100 ዋት ገደማ ቢስብ አሥሩ 1,000 ዋት ይሆናል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባትሪ) ደግሞ ሥራህን ሴቭ አድርገህ እንድታጠፋ ነው እንጂ ሊያሠራህ አይደለም። ባትሪ ልጨምር ብትል የድሬ ሙቀት አለ፤ አሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ጠዋት ማሽኖቹ እኩል ሲከፈቱ ዊንዶውስ ማሻሻያውን ማውረድ ይጀምርና መስመሩ ይታነቃል፤ ወረፋ የጠበቀው ሰው «ኔትወርክ የለም» ተብሎ ይመለሳል። እዚሁ ከተማው ውስጥ ያለው የከዚራውና የሳቢያኑ ነገ ተመልሶ ይመጣ ይሆናል። ከገጠር፣ ከዋሂልና ከቢዮ አዋሌ የሚመጣው ግን ለአንድ ሰዓት ኮምፒውተር የትራንስፖርት ከፍሎ የቀን ገቢውን ያጣል። መጋላ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት በተራ ስልኳ *127# ደውላ ቴሌብር ትጠቀማለች፤ ኢንተርኔትም አያስፈልጋት።

ለክፍሉ፦ ዴስክቶፕ ግዙ ማን አለ? ላፕቶፕ 40 ዋት ገደማ ቢስብ ነው፣ የራሱም ባትሪ አለው። ራውተሩና የፋይበሩ ሳጥን አንድ ላይ 20 ዋት ቢወስዱ፣ ባለ 12 ቮልት 40 አምፒር ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብቻ ተጠቅመህ 12 ሰዓት ያቆያቸዋል። ባትሪው ከቆርቆሮ ጣሪያ ርቆ ነፋሻ ጥግ ወለሉ ላይ ይቀመጥ። ማሻሻያውን ማታ አንዱ ማሽን አውርዶ ለሌሎቹ እንዲያካፍል ማድረግ ይቻላል። እውነተኛው ችግር ሌላ ነው፤ በጀቱ ለዕቃ ያልቅና ይህን የሚያስተካክል ሰው አይቀጠርም።

አሁን ወደ አንተ ስልክ ልምጣ። አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160 የፊደል ቦታ አለው፣ በግዕዝ 70 ብቻ። ስለዚህ በአንድ መልእክት የሚያልቀው የኦሮምኛና የሶማልኛ ማስታወቂያ በአማርኛ ሲሆን ለሁለት ሊቆረጥ ይችላል። አሮጌ ስልክ ላይ ደግሞ ሳጥን ሳጥን ብቻ ይታያል። ማንበብ የማትችለውስ? የሚስጥር ቁጥሯን ለጎረቤት ልጅ ልትነግር ነው?

ለስልኩ፦ 70 ቦታ የሚያንሰው ለቢሮ ቋንቋ ነው። «ውድ ደንበኛችን» ብቻውን ከነክፍተቱ 9 ቦታ ይበላል። «ነገ 3 ሰዓት በቀበሌው ክትባት አለ። ልጅዎን ያምጡ።» ግን 33 ቦታ ነው፣ ምን ቀረበት? ሳጥን ለሚያሳየው ስልክና ለማታነበው ድምፅ አለ። የገበሬዎች የምክር መስመር 8028 እንደዚያ ነው፤ ደውለህ ቁጥር እየተጫንክ ታዳምጣለህ። የሚስጥር ቁጥሩ ነገር እውነት ነው፣ እሱን አልከራከርህም። ቁጥሩን ራሷ እስክትጫን ድረስ አጠገቧ ቁጭ ብሎ የሚያሳያት ሰው ያስፈልጋል።

ለክፍሉ፦ የት ቁጭ ብሎ? የፋይዳ መታወቂያ ለማውጣት የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይንና የፊት ምስል ይወሰዳል፤ ስለዚህ የዋሂሉም ሰው አንድ ቀን በአካል መምጣቱ አይቀርም። ምዝገባው ከክፍሉ ጎን ይሁንና ተራውን ሲጠብቅ ስልኩን ይዞ ይግባ። አንተ የምትለውን አስተማሪ እኔ በምለው ወንበር ላይ አስቀምጠው። የደመወዙን ግን ከስልክ መግዣህ ላይ ነው የምቀንሰው።