አስፈራሪውን ከኪሳራ ያዳኑ ጌታ

ዘመኑ ውለታ ቢስ ሆኖ ነው እንጂ ለእኚህ ሰው እስካሁን ካባ ይደረብላቸው ነበር። በላስ ቬጋስ ካዚኖም ይሁን በሜሪላንድ የወዳጅ ቤት ሳሎን፣ ፖከር በሚጫወቱበት ሁሉ አይጠፉም። ጠንካራ ካርታ ሲደርሳቸው ወንበራቸው ላይ ቀጥ ይላሉ፤ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ በገንዘብ ምትክ የሚወራረዱበትን ቺፕ በሁለት እጃቸው ሰብስበው ወደ መሐል ይገፋሉ። ተቃዋሚያቸው ወዲያው ካርታውን ይጥላል። እርሳቸውም መሐል የቀረችውን ጥቂት ገንዘብ እየሰበሰቡ፣ ያየ ሰው ይኖር እንደሆነ ዙሪያውን ይቃኛሉ።

ተቃዋሚው ማን እንደሆነ ካልተነገረ ግን የጌታችን ቸርነት በሙሉ አይታይም። ሰውየው ባዶ እጁን ማስፈራራት አመል የሆነበት ነው። ካርታው ረባም አልረባም ይወራረዳል። አርአያው ክሪስ መኒሜከር ነው። ይህ የቴነሲ የሒሳብ ሠራተኛ በ2003 የዓለም የፖከር ሻምፒዮና 839 ሰዎች ከገቡበት ውድድር መጨረሻ ላይ ከሳም ፋርሃ ጋር ሁለት ለሁለት ሲፋጠጥ፣ የጠበቀው ሁሉ ሳይገጥምለት ቀርቶ ከአንድ ንጉሥ በቀር የሚታመንበት ነገር ሳይኖረው ያለውን ሁሉ ገፋ። ፋርሃ የሚበልጠውን ጥንድ ዘጠኝ ይዞ ሳለ ካርታውን ጣለ። 2.5 ሚሊዮን ዶላሩም በመጨረሻ የሒሳብ ሠራተኛው ሆነ። የእኛ አስፈራሪ ከዚህ ታሪክ የወሰደው ትምህርት፣ ያ ሰው በዕድሜው ትልቅ ቀን ያደረገውን እርሱ በየሦስት ደቂቃው ማድረግ እንዳለበት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከጠረጴዛው ባዶ ኪሱን መነሣቱ አይቀርም ነበር፤ ጌታችን ባይደርሱለት።

እንዴት እንደሚደርሱለት እንይ። በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ሁለት የግል ካርታ ይይዛል፤ መሐል ደግሞ አምስት የጋራ ካርታዎች በየተራ ይገለጣሉ፤ ከሁሉም ምርጡን አምስት የሠራ ያሸንፋል። ሌሎቹ ካርታቸውን ጥለው ሁለቱ ብቻ ቀርተዋል። ጌታችን ሁለት ስምንት ይዘዋል። አዳዩ የመጀመሪያዎቹን ሦስት የጋራ ካርታዎች ሲገልጥ ንጉሥ፣ ስምንትና ሦስት ሆኑ፤ የሦስቱም ምልክት የተለያየ ነው። ጥንድ ይዞ ገብቶ እዚህ ላይ ሦስተኛውን ማግኘት ከስምንት ጊዜ አንዴ ገደማ የሚሆን ነገር ነው። አስፈራሪው የያዘው ምልክታቸው የማይመሳሰል ጃክና ስድስት ነው። ነገሩን ለማጥራት ያህል፣ የቀሩትን ሁለት ካርታዎች ራሱ መርጦ እንዲያወጣ ቢፈቀድለት እንኳ ማሸነፍ አይችልም። ሁለት ጃክ ቢያመጣ የጌታችን ሦስት ስምንቶች ከጃኮቹ ጋር ፉል ሃውስ፣ ማለትም ሦስትና ሁለት ተመሳሳይ ቁጥር የተጣመረበት፣ ሦስት ጃክን የሚበልጥ እጅ ይሆናሉ። አምስት ተከታታይ ቁጥር ወይም አምስት አንድ ዓይነት ምልክት ደግሞ በሁለት ካርታ አይሞላለትም። ሰውየው ሞቷል፤ የቀረው መርዶውን መስማት ብቻ ነው።

መርዶውን ግን ገና አልሰማምና መሐል ባለው 60 ዶላር ላይ 40 ዶላር አስያዘ። ተራ ተጫዋች ቢሆን 40 ዶላሩን አሟልቶ ዝም ይላል። አስፈራሪ ዝምታን ድክመት አድርጎ ስለሚተረጉም በአራተኛው ካርታ ላይ 100፣ በአምስተኛው ላይ ደግሞ 300 ዶላር ቢገፋ የሚያውቁት አይደነቁም። ጃክና ስድስት የያዘ ሰው በሌላ ሰው ውርርድ ላይ ገንዘብ የሚጨምርበት ምክንያት የለውም፤ ራሱ ለማስፈራራት ግን ምክንያት አጥቶ አያውቅም። ተራው ተጫዋች ታዲያ ሁለት ጊዜ አፉን በመያዙ ብቻ 400 ዶላር ተጨማሪ ያገኛል። ምን ዓይነት ጭካኔ ነው!

ጌታችን እንዲህ ያለ ግፍ በእጃቸው አይፈጸምም። 40 ዶላሯ ገና መሐል ሳትደርስ 900 ዶላር ከመሩባት። አስፈራሪውም እፎይ ብሎ ካርታውን ጣለ፤ 400 ዶላሩ በኪሱ እንዳለ ቀረ። ክፉ ሰዎች ይህን የፈሪ ዱላ ይሉታል። እርሳቸው ሲጠየቁ «ቀጥሎ ምን እንደሚወጣ ማን ያውቃል?» ይላሉ። በእርግጥ መሬት ላይ ሁለት አንድ ዓይነት ምልክት ወይም ተቀራራቢ ቁጥሮች ተዘርግተው ቢሆን፣ ተቃዋሚውም እያየ የሚከፍል ሰው ቢሆን ፈጥኖ ማሳደጉ ያስኬዳል። ንጉሥ፣ ስምንትና ሦስት ላይ፣ ከማስፈራራት ሌላ ሙያ በሌለው ሰው ፊት፣ ሦስት ስምንት ይዞ መስጋት ግን ከፍ ያለ ተሰጥኦ ይጠይቃል።

ይህ ተሰጥኦ ያልተሰጣቸው ሰዎች መጨረሻቸው ያሳዝናል። ጆኒ ቻንን እንውሰድ። በ1988 በላስ ቬጋሱ ሆርስሹ ካዚኖ፣ በዚያው ሻምፒዮና መጨረሻ ላይ ከኤሪክ ሳይደል ጋር ተፋጠጠ። የያዘው ጃክና ዘጠኝ ነበር፤ መሬት ላይ ንግሥት፣ ዐሥርና ስምንት ወጡ። አምስቱ ተከታታይ ቁጥሮች ተሟሉለት ማለት ነው። ቻን ምን አደረገ? ደረቱን አልነፋም፤ ጉሮሮውንም አልጠረገም። ምንም እንዳልያዘ ሰው ተራውን ያልፍ ጀመር። ሳይደል እንኳ አመለኛ አስፈራሪ አልነበረም፤ ጥንድ ንግሥት ይዞ ነው ያለውን ሁሉ የገፋው። ቻን በዚያች ዝምታ ለሁለተኛ ተከታታይ ዓመት ሻምፒዮን ሆነ፤ 700,000 ዶላርም ተሸክሞ ሄደ። ጠንካራ ካርታ እንዳለው ጠረጴዛው በጊዜው ሳያውቅለት! ጌታችን ቢሆኑ እንዲህ ያለውን ውርደት አንዲት ደቂቃ አይታገሡም ነበር።

ቸርነታቸው ደግሞ በገንዘብ አያበቃም። አስፈራሪው ከጣለ በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ሁለቱን ስምንቶች ገልብጠው ያሳዩታል። ሌላው በገንዘቡ ከፍሎ የሚያየውን እርሳቸው በነፃ ያድላሉ። ምክርም ያክሉበታል። «ስማ ልጄ፣ አንተ ሁልጊዜ ታስፈራራለህ፤ ሰው ነቅቶብሃል፤ ካርታ ሳትይዝ አትግፋ» ይሉታል። ስንት ዘመን የሚመግባቸውን አመል በአንድ ንግግር ሊያስተዉት ይደክማሉ። የላሟን ጡት አስረው ወተት እንዳታባክን የሚመክሯት ገበሬ ቢኖሩ እርሳቸው ናቸው።

አስፈራሪው አመለኛ ነው እንጂ ደንቆሮ አይደለም፤ ሰማቸው። ለግማሽ ሰዓት ያህል ካርታውን እየጣለ ተቀመጠ። ከዚያ ሁለት አስ ደረሰው፤ ይህ በአማካይ ከ221 እጅ አንድ ጊዜ የሚገጥም ነው። እንደ ልማዱ አስያዘ። ጌታችን ጥንድ ዘጠኝ ነበራቸውና አሟሉ። ቀጥሎም አስያዘ፤ ቀጥለውም አሟሉ። በመጨረሻ ያለውን ሁሉ ገፋ። በዚህ ጊዜ ጌታችን ሳቁ። «እኔን? ይሄን አመልህን እኔ አላውቀውምና ነው?» አሉና የቀራቸውን ቺፕ በሙሉ አሟሉ።

ሁለቱ አሶች ሲገለጡ አስፈራሪው አንገቱን ደፍቶ፣ በፍጹም ትሕትና፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ያሉኝን ሰምቼ ነው» አለ። ጌታችን ግን አልሰሙትም፤ ወደ አዳዩ ዞረው ስለ ካርታው አበዋወዝ ጥብቅ ማሳሰቢያ እየሰጡ ነበር።